ስለ ባሕር ዳር የሰፈር ምግብ ቤቶች

በአገራችን ድርሰት ይተቻል፤ ሥዕል ይመረመራል፤ ዘፈንም ቢሆን ወደ አደባባይ ከወጣ በኋላ ያማረው ይመሰገናል፤ ያላማረው ይነቀፋል። ምግብን ግን በዚህ ዐይን የሚመለከት ሰው ጥቂት ነው። ስለ ሆድ መናገር እንደ ነውር ሲቈጠር ስለ ኖረ፣ ጨዋ ሰው የቀረበለትን ቀምሶ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይነሣል እንጂ ወጡ ስለ ምን እንደ ቀጠነ አይጠይቅም። ይህ በሰው ቤት ለተጋበዘ እንግዳ ያማረ ጠባይ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ለሚበላ ሰው ግን ጨዋነት መሆኑ ቀርቶ ስንፍና ይሆናል። በምግብ ቤት የሚቀርብ ወጥ እንደ ማናቸውም የእጅ ሥራ ዕውቀትና ትጋት የሚጠይቅ ነውና፣ ሊመረመርና ሊፈረድበት ይገባዋል ብለን እናምናለን። ስለዚህም ስለ ባሕር ዳር ምግብ ቤቶች፣ ይልቁንም ከዋናው መንገድ ገባ ብለው ጸጥ ባሉት የመኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ ስለሚገኙት፣ ያለንን አስተያየት ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ እንወዳለን።

ለስብሰባ ወይም ለጕብኝት ወደ ባሕር ዳር የመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚበላው በሐይቁ ዳር ነው። ግዮን፣ ጣና፣ ደሴት፣ ኩሪፍቱ እየተባሉ የሚጠሩት ቤቶች ከውሃው አጠገብ የተሠሩ ናቸው። ጥላው መልካም ነው፤ ነፋሱም መልካም ነው፤ ፀሐይ ወደ ዘጌ በኩል ስታዘቀዝቅ የሐይቁ መልክ ሲለዋወጥ ማየት ደግሞ በገንዘብ የሚተመን አይደለም። እነዚህን ቤቶች ለመንቀፍ አልተነሣንም። ነገር ግን በነሱ የበላነውን ስንመዝን ሐይቁንም ከወጡ ጋር አብረን ወደ ሚዛኑ እንከተዋለን። ዐይን ሲጠግብ ምላስ ፍርዱን ያላላል። በሽምብጥ ወይም በቀበሌ 14 ውስጥ፣ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ወይም በግቢው ማንጎ ዛፍ ጥላ አራትና አምስት ጠረጴዛ የዘረጋ ቤት ግን ከወጡ በቀር ለእንግዳ የሚያሳየው ነገር የለውም። ምግብን በምግብነቱ ለመመርመር የሚመቸው እንግዲህ ይህ ሁለተኛው ነው።

ባሕር ዳር ከሐይቅ ዳር መንደርነት ወደ ከተማነት ፈጥና የተሻገረችው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960ዎቹ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ በ1961፣ ፖሊቴክኒኩ በ1963፣ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1964 ተቋቋሙ። ፋብሪካና ትምህርት ቤት ባለበት ከተማ ከቤተሰቡ ተለይቶ የሚኖር ሰው ይበዛል፤ እሱም ምሳና ራት ያስፈልገዋል። የሰፈር ምግብ ቤት ደንበኛ እስከ ዛሬ ድረስ ይኸው ሰው ነው። መምህሩ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ፣ ኮሌጅ የገባው ተማሪ ናቸው። ጐብኚ አንድ ጊዜ በልቶ ይሄዳል፤ መምህሩ ግን ነገም ይመለሳል፤ ትናንት የበላው ካልተስማማው ደግሞ አይመለስም። ከ2020 ወዲህ በወረርሽኙ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት ጐብኚ በተመናመነ ጊዜ በጐብኚ ይኖሩ የነበሩት ቤቶች ሲቸገሩ፣ እነዚህን ትንንሾቹን ያቆማቸው ጎረቤታቸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የባሕር ዳር ምግብ ቤት የሚመዘነው በዓሣ ነው። በግና ዶሮ በየትም ከተማ ይሠራል፤ የጣናን ዓሣ በወጣበት ቀን ለመብላት ግን ሰው ወደዚህ መምጣት አለበት።

በአንዱ ቤት ተቀምጠን የምግቡን ዝርዝር ብንገልጥ «ዓሣ ጥብስ፣ ዓሣ ወጥ፣ ዓሣ ለብለብ፣ ዓሣ ዱለት፣ ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ኮተሌት» የሚል እናነባለን። የአሠራሩ ስም ስድስት ሲሆን የዓሣው ስም ግን አንድ ብቻ ነው። ሥጋ ቤት ገብቶ «ሥጋ ስጠኝ» ብሎ ዝም የሚል ሰው የለም። የበሬ ነው ወይስ የበግ፣ ሻኛ ነው ወይስ ጎድን ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም ቈርጦ ያሳየዋል። ነገሩ ዓሣ ሲሆን ይህ ሁሉ ዕውቀት ይጠፋል። ስሙን በማንጠቅሰው ቤት አስተናጋጁን «ዓሣችሁ የትኛው ነው?» ብለን ብንጠይቀው፣ በጥያቄያችን ተገርሞ «የጣና ነዋ!» ሲል መለሰልን።

የጣና መሆኑስ እውነት ነው። ነገር ግን ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ሲሆን፣ ከውስጡ ወጥቶ ወደ ምግብ ቤት የሚገባው ዓሣ በዋናው ሦስት ነው፤ ሦስቱም በጣዕም አይመሳሰሉም። ቆሮሶ ሰውነቱ ሰፋ ያለ፣ ሥጋው ነጭና ጠንከር ያለ፣ አጥንቱም በቀላሉ የሚለቀቅ ስለ ሆነ ሙሉውን ለመጥበስ የተመቸ ነው። ነጭ ዓሣ የሚባለው ደግሞ ጣዕሙ ከቆሮሶ ይበልጣል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኛም ከነሱ ወገን ነን። ዳሩ ግን በሥጋው መካከል እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለ እሾህ ሞልቶበታልና ለቸኰለ ሰው አይሆንም። ይህን እሾህ ለይቶ የሚያወጣ፣ ወይም አድቅቆ የሚከትፍ እጅ ያለው ቤት እውነተኛ ባለ ሙያ ነው። ሦስተኛው አምባዛ ነው። ሥጋው ቅባት ያለው፣ ራሱ ትልቅ፣ ከውሃ ከወጣም በኋላ አየር እየሳበ ለብዙ ሰዓት በሕይወት የሚቈይ ዓሣ ነው። ቅርፊት ግን የለውም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ እንስሳ የኦሪት ሕግ ስለሚከለክል፣ አምባዛን የማይቀምስ ምእመን ብዙ ነው።

የዓሣው ስም በዝርዝሩ ላይ ሊጻፍ ይገባል የምንለው ስለ ጣዕም ብቻ ብለን አይደለም። ሙሉ ሆኖ የተጠበሰ ዓሣ ማንነቱን ራሱ ይናገራል። ተከትፎ በዱለት፣ ወይም በቲማቲም ተለውሶ በጉላሽ ሲቀርብ ግን ቅርፊት የነበረውና ያልነበረው አይለይም። አንድ ሰው በሃይማኖቱ የማይበላውን ነገር ሳያውቅ እንዲበላ ማድረግ፣ በተንኰል ባይሆን እንኳ በቸልተኝነት፣ ከባድ በደል ነው። ሦስት ቃላት በወረቀት ላይ መጨመር የሚያስወጣው ገንዘብ የለም።

ስለ አሠራሩም ጥቂት እንበል። ዛሬ በባሕር ዳር ከሚበላው ዓሣ ብዙው የተጠበሰ ነው። ጥብስ ሲያምር እጅግ ያምራል። ቆሮሶው ጐንና ጐኑ በቢላዋ ተሰንጥቆ፣ ቆዳው እስኪንኰሻኰሽ ውስጡ ግን እርጥብ እንደ ሆነ ከዘይቱ ወጥቶ፣ ከሎሚና ከአዋዜ ጋር ሲቀርብ ሌላ ነገር አያስመኝም። ሆኖም ጥብስ የብልኅም የሰነፍም መሸሸጊያ ነው። የዋለ ያደረ ዓሣ በወጥ ውስጥ ወዲያውኑ ይጋለጣል፤ በፈላ ዘይት ውስጥ ግን ዕድሜውን ይደብቃል። ለዚህ አንባቢዎቻችን ሊይዙት የሚችሉት አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፤ ይኸውም ዘይቱን ማየት ነው። ዓሣው በሳሕኑ ላይ ጥቂት ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ነጭ ቅባት ከረጋ፣ የተጠበሰው ከውጭ አገር በሚመጣው የዘንባባ ዘይት ነው ማለት ነው። ቆዳው ጠቍሮ በምላስ ላይ ምሬት ከተወ ደግሞ ዘይቱ ለስንተኛ ጊዜ እንደ ተጣደ ባለቤቱ ይንገረን። ኑግ በሚበቅልበት አገር ተቀምጦ በኑግ ዘይት የተሠራ የዓሣ ወጥ ለማግኘት መንከራተት ያሳዝናል። የኑግ ዘይት መዓዛው የራሱ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል፤ ቢሆንም የጾም ወጥን እንደሱ የሚያቀና ዘይት አላገኘንም።

የዓሣ ወጥ ራሱ እየቀረ የሚሄድ ሙያ ይመስለናል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ረዥም ጊዜ መቁላላት አለበት፤ በርበሬው በጥቂት በጥቂት ውሃ እየበረደ መብሰል አለበት፤ ዓሣው የሚገባው በመጨረሻ ነው። ከገባም በኋላ ማማሰያ አይነካውም፤ ድስቱ በሁለት እጅ ተይዞ ይወዘወዛል እንጂ። ያማሰለችው እንደ ሆነ ዓሣው ይፈርሳል። ከዓሣው ራስና አጥንት መረቅ አውጥቶ ወጡን በሱ የሚያቀጥን ቤት በሰፈሮቹ ካየናቸው መካከል ሁለት ብቻ አግኝተናል፤ ሁለቱም ከመንገድ ገባ ያሉ፣ በበራቸው ላይ ማስታወቂያ የሌላቸው ናቸው። ይህን ሁሉ ትዕግሥት የሚያደርግ ሰው ከጥብስ የተሻለ ዋጋ ስለማያገኝበት፣ ወጡ በጉላሽ ተተካ። ጉላሽ በሃንጋሪ አገር የከብት ጠባቂዎች የሥጋ ወጥ ስም ነው፤ ኮተሌትም በኢጣልያኖች በኩል የደረሰን ቃል ነው። ቃሉ ባዕድ ስለ ሆነ አንጠላውም፤ ስንቱ የባዕድ ቃል ቤተኛ ሆኗል። የምንነቅፈው የቲማቲሙ ድልህ በዝቶ ዓሣውን ማስጠፋቱን ነው። ለብለብ ግን ልናመሰግነው የሚገባ ሥራ ነው። ዓሣው በደቃቁ ተቈርጦ፣ በጥቂት ዘይት፣ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ለአፍታ ብቻ እሳት አይቶ የሚወጣ በመሆኑ፣ ትኵስ ባልሆነ ዓሣ ሊሠራ አይቻልም። እንግዲህ ለብለብን በድፍረት የሚያቀርብ ቤት ዓሣውን የሚተማመንበት ቤት ነው።

ከቤቶቹ ሁሉ አብልጠን የምናደንቀው የቱ እንደ ሆነ ብንጠየቅ፣ በአንድ የመኖሪያ ሰፈር ያለውን የአንዲት እናት ቤት እንመርጣለን። ምርጫችንም የተመሠረተው በበላነው ላይ ሳይሆን ባልበላነው ላይ ነው ብንል አንባቢ ይገረም ይሆናል። አንድ ቀን ከባልደረቦቻችን ጋር ዘግየት ብለን ብንሄድ ባለቤቲቱ ከማድ ቤት ብቅ ብለው፣ «ልጆቼ፣ የዛሬው ቆሮሶ አልቋል፤ ያለው የትናንት ነው፤ እሱን አላቀርብላችሁም። ሽሮ ይሁንላችሁ?» አሉን። ሽሮውን በላን። ዓሣ ቢሸጡልን ኖሮ የሚያገኙት ከሽሮው እጥፍ ሳይሆን አይቀርም፤ እኛም ዕድሜውን በጥብሱ ውስጥ ባላወቅን ነበር። በሌላ ቀን በዚያው ቤት ዓሣ ስንበላ ያለ ጥርጣሬ በላን። በከተማው ውስጥ በጌጥና በመብራት የሚበልጡ ስንት ቤቶች እያሉ፣ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚናገር ስንት ቤት አለ?

ይህም ጥያቄ ከማድ ቤት አልፎ ወደ ሐይቁ ይወስደናል። ነጭ ዓሣ የምንለው በእርግጡ አንድ ዓሣ አይደለም። ሊቃውንት በ1990ዎቹ ባደረጉት ምርምር ከ15 የማያንሱ ዐይነቶች ለይተውበታል፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ በየትም ስፍራ አይገኙም። ከነዚህም ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ ዕንቍላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። ወደ ወንዝ ለመግባት በወንዙ አፍ ሲሰበሰቡ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ በወንዙ ውስጥም ያለፉትን የብርብራ ፍሬ አድቅቆ ወደ ውሃው በመጨመር የሚያፈዝዝ ሰው አለ። የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በ1986 ወደ ሐይቁ ከገቡ በኋላ፣ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሣዎች ክብደት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ 75 በመቶ ያህል ማነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። በፊሊፒንስ አገር ላናኦ በሚባል ሐይቅ ውስጥ የነዚህ ዘመዶች የሆኑ ልዩ ልዩ ዓሣዎች ነበሩ፤ ዛሬ አብዛኞቹ ጠፍተዋል። እንዲህ ያለ ብዙ ዘመድ ያለው ትልቅ የዓሣ ቤተሰብ ሳይጠፋ የቀረው በጣና ነው። ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ የታወቀው እምቦጭ በዚህ ላይ ተጨምሮበታል።

ምግብ ቤቱ ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለም፤ በላተኛውም እንዲሁ። በሑዳዴ 55 ቀን የዓሣ ፈላጊ እንደሚበዛ ሁሉም ያውቃል (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወዋለን)። በፍልሰታና በመስከረም የሚበላው ነጭ ዓሣ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ወራት በወንዝ አፍ የተያዘው ሆዱ በዕንቍላል የተሞላ ነው፤ እሱን በጠረጴዛ ላይ ያስቀረበ ሰው የበላው የሚመጣውን ዓመት ዓሣ ጭምር ነው። የዓሣው ስም በዝርዝሩ ላይ ይጻፍ ያልንበት ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው። ስሙን የማያውቅ ሰው ወሩን ሊያውቅ አይችልም። በእነዚህ ሁለት ወራት ነጭ ዓሣን ትቶ ቆሮሶ ብቻ አቀርባለሁ የሚል አንድ ምግብ ቤት ቢነሣ፣ ከቢሮ ወደ ቢሮ ከሚተላለፍ ማሳሰቢያ ይልቅ ይጠቅማል።

ስለ ጣና ዓሣ ሲነገር ሳይጠቀሱ የሚቀሩትን ሰዎች እኛም አናልፋቸውም። ከደንገል ታንኳ እየሠሩ በዚህ ሐይቅ ላይ ከጥንት ጀምሮ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ናቸው። ጕማሬ ያድኑና ይበሉ ስለ ነበር ሌላው ሰው በአንድ ማዕድ አብሯቸው አይቀርብም ነበር። እነሱ ያጠመዱትን ዓሣ ገዝቶ የሚበላ፣ ከነሱ ጋር ግን አብሮ የማይበላ ሰው በዚህ ከተማ ብዙ ዘመን ኖሯል። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ደንገሉም ከሐይቁ ዳር እየተመናመነ ነው። በትልልቆቹ ቤቶች ግድግዳ ላይ የታንኳ ሥዕል ሰቅሎ ማየት የተለመደ ሲሆን፣ ታንኳውን የሚቀዝፈው ሰው ግን በጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ሲበላ ያየንበት ቤት የሰፈር ቤት ነው። ማለዳ ያጠመደውን ለባለቤቲቱ አስረክቦ፣ በዚያው ወንበር ስቦ ቍርሱን ይበላ ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ ሥራ ብለን ልናደንቀው የምንወደው ይህንን ነው።

ስለ እንጀራው አጭር ቃል ይበቃናል። ባሕር ዳር ከአዴትና ከሌላውም የጎጃም ወረዳ ጤፍ የሚገባላት ከተማ ናት፤ በመጥፎ እንጀራ የምታመካኝበት ነገር ሊኖር አይገባም ነበር። ሆኖም የጤፍ ዋጋ ከወጣ ወዲህ የፎገራ ሩዝ ከጤፉ ጋር እየተፈጨ ይጋገራል። ፎገራ ሩዝ ማብቀሏ ለአገር ጥቅም ነው፤ ሩዝ የገባበት እንጀራም ሲወጣ ነጭና ዐይናማ ሆኖ ያምራል። ሲቀዘቅዝ ግን ይደርቃል፤ ጫፉም ይሰበራል፤ ወጡንም አይዝም። ድሃ ቤት ይህን ቢያደርግ አንፈርድበትም። በንጹሕ ጤፍ ዋጋ የሚሸጥ ቤት ሲያደርገው ግን ከዓሣው ስም ጋር አንድ ዐይነት ድብቅነት ነው። የዳጉሳ እንጀራ መልኩ ጠቆር ያለ ስለ ሆነ ለእንግዳ ለማቅረብ ያፍሩበታል፤ ከዓሣ ወጥ ጋር ያለውን ስምምነት የሚያውቅ ሰው ግን ጠይቆ ያስጋግራል።

የሰፈር ቤቶችን እንዲህ ስናመሰግን ጕድለታቸው ጠፍቶን አይደለም። የእጅ መታጠቢያው ውሃ ብዙ ጊዜ በጀሪካን ነው፤ ሳሙናው አንዳንዴ አለ፤ አንዳንዴ የለም። ቴሌቪዥኑ እንዲህ መጮኹ ለማን እንደ ሆነ አናውቅም። ዓሣው የሚላጥበት ስፍራ ከማድ ቤቱ ጓሮ እንጂ ከመግቢያው በር አጠገብ ባይሆን መልካም ነበር፤ ድመቶቹ ግን በዚህ አይስማሙም።

ወደነዚህ ቤቶች መሄድ የሚፈልግ አንባቢ ሰዓቱን መጠበቅ አለበት። ሌሊት የተዘረጋው መረብ ማለዳ ይነሣል፤ ዓሣው ወደ ሰፈሮቹ የሚደርሰው ከረፋዱ ነው፤ ወጡ የሚወጣው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ከስምንት ሰዓት በኋላ የመጣ ሰው ደኅናውን ዓሣ አያገኝም፤ በደኅናው ቤት ደግሞ ጨርሶ ዓሣ አያገኝም። የዘጌ ቡና ግን እስከ ማታ አለ።